ልጆቻችንን ሐይቅ ለሚወስድ የክረምት ካምፕ፦ ውሃው ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

የሦስት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ባለፈው ሰኞ ትልቋ ልጄ ከክረምት ትምህርቷ ወረቀት ይዛ መጣች። ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው ስድሳ ልጆች ለሦስት ቀን ላንጋኖ ሊሄዱ ነው፤ አብረዋቸው የሚሄዱት አምስት መምህራን ናቸው። ወረቀቱ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ኪስ ገንዘቡ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረዝራል። ስለ ውሃው ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ ለሚደርስ ማንኛውም አደጋ አዘጋጁ ኃላፊ አይደለም ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ ይጠበቃል።

ደውዬ ጠየቅሁ። «አይስጉ፣ ላንጋኖ እኮ ቢልሃርዚያ የለበትም» አሉኝ። ቢልሃርዚያ የሌለበት ውሃ አያሰጥምም ያላቸው ማን ነው? እኛ ወላጆችም ብንሆን ስለ ላንጋኖ የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ፣ ስሙ ሲነሳ ልባችን ቶሎ ያርፋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ልጆቹ ይሂዱ፣ አሸዋ ላይ ይጫወቱ፣ ወፉን ይመልከቱ፤ ውሃው ውስጥ ግን አንድም ልጅ አይግባ። ሌላ ሐሳብ ያለው ያስረዳኝ፤ ወረቀቱን የምመልሰው አርብ ነው።

አባት፣ አዳማ

እህቴ፣ በሙሉ ልቤ እደግፍዎታለሁ። ምክንያቴንም ልንገርዎት።

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ለሽርሽር ከወጡበት ሐይቅ ዳር ቀረ። ሊዋኝ አልነበረም የገባው፤ ጭቃ የነካውን እግሩን ሊታጠብ ነው። ሐይቁ ድሮ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ሆራንና ባቦጋያን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሐይቅ ያውቀዋል፤ ሁለት እርምጃ ጉልበት ድረስ ነው፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ መሬቱ የለም። በዙሪያው ከሃያ ሰው በላይ ነበረ። ሥጋ ይጠበሳል፣ ጨዋታ ደርቷል። ማንም ጩኸት አልሰማም። መጥፋቱን ያወቅነው ጫማው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ካልሲዎቹ በየጫማው ውስጥ ተጠቅልለው ስናይ ነው። እናቱ እንዲያ እንዲያደርግ ነበር ያስተማረችው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። የሰማነውን ለምን በተግባር አናውለውም? ይከልከል።

የስፖርት መምህርና የዋና አሰልጣኝ

የእህትዎን ልጅ ነፍስ ይማር። ከተናገሩት ውስጥ አንዱ ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ ማንም ጩኸት አልሰማም ብለዋል። የሚሰጥም ሰው አይጮኽም። ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አፉ ከውሃው ብቅ ባለች ቁጥር የምትገኘውን ትንፋሽ ለመሳብ እንኳ አይበቃውም። እጁንም አያውለበልብም። እጆቹ ሳያዛቸው ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

በክልከላው ግን አልስማማም። ከዓመታት በፊት «ዋና ክልክል ነው» በተባለበት ጉዞ ላይ ረዳት ሆኜ ላንጋኖ ሄጄ ነበር። ክልክል ስለሆነ ገመድ አልያዝንም። ክልክል ስለሆነ ጠባቂ አልመደብንም። ከልጆቹ ማን ዋና ይችላል፣ ማን አይችልም ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እኛ ጥላ ሥር ጋደም እንዳልን የልጆቹ ኳስ ውሃ ውስጥ ገባች። አንዱ ተከትሏት ገባ። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ኳሷን ወደ ውስጥ ይገፋታል፣ ልጁ ደረሰባት ሲባል ትርቃለች፣ ደግሞ ይከተላታል። ያወጣው በጀልባ ሲመለስ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ውሃው ዳር ሄጄ እጄን እስከ ክርኔ ከተትሁት። ላንጋኖ እንደ ጠላ የደፈረሰ ነው፤ የራሴን ጣቶች አላየኋቸውም። ያ ልጅ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ቆመን እንኳ አናገኘውም ነበር።

ሐይቁን ብንከለክለውም እዚያው ነው ያለው። ልጅ ደግሞ ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ይፈቀድ፤ ግን በሥርዓት ይፈቀድ ነው።

አባት፣ አዳማ

መምህር፣ ሥርዓት የሚለው ቃል ደስ ይላል። ሥርዓቱን የሚያስከብረው ማን ነው? ነፍስ አድን ዋናተኛ የት አለ? 907 ብንደውል አምቡላንሱ ከየት ተነስቶ፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል? በሌላ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ ይባል ይሆናል፤ የሌላ አገር ደንብ ግን ጀርባው ላይ ብዙ ነገር አለ። ያ ሁሉ በሌለበት ደንቡን ብቻ ብንቀዳ፣ ወላጅ ተጠበቀልኝ ብሎ እንዲተኛ ከማድረግ በቀር ምን ይጠቅማል? ክልከላ ቢያንስ ወላጅን አያታልልም።

እናት፣ ሜሪላንድ

እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፤ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ካምፕ በገባ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ውስጥ ፈተኑት። ተሰልፈው አንድ በአንድ ይገባሉ፤ የቻለ አረንጓዴ የእጅ ማሰሪያ፣ ያልቻለ ቀይ። የእኔ ልጅ ቀይ አገኘ። ማታ ደውሎ አለቀሰብኝ፤ ጓደኞቹ ጥልቁ ጋር ሲዘሉ እሱ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ወገቡ ድረስ ባለው ውሃ ከትንንሾቹ ጋር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያን ማታ ፈታኙ ላይ ተናድጄ ነበር። ጠዋት ላይ ግን አሰብሁት፤ ልጄ መዋኘት እንደማይችል እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አይቼ የሚችል መስሎኝ ቆይቷል።

እንዲህ ያለው ፈተና በማሳቹሴትስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ካምፑ ልጆቹን መለየትና ለማይችሉት ላይፍ ጃኬት ማዘጋጀት አለበት። ሁሉም ልጅ ጥንድ ጓደኛ ይሰጠዋል። ፊሽካ ሲነፋ ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያነሳሉ፤ እጁን ብቻውን ያነሳ ልጅ ካለ ሁሉም ከውሃው ይወጣል። ለዚህ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም።

ግን እዚህም ልጆች ይሞታሉ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ የመስጠማቸው መጠን ከነጮቹ ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ገንዳው ያው ነው። ልዩነቱ ማን ዋና ተማረ የሚለው ነው። ወላጅ ውሃ ሲፈራ ልጁን ያርቀዋል፣ የራቀው ልጅ አይማርም፣ ያልተማረው ልጅ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ውሃ ዳር ይቆማል። አዲስ አበባ ላሉት እህቴ የምለው ይህንን ነው፤ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፣ የክልከላው ዕዳ ግን ኋላ ይመጣል።

ሌላም አለ። ሐምሌ 4 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ የጓዳሉፔ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ካምፕ ሚስቲክ በሚባለው የልጃገረዶች ካምፕ 27 ልጆችና አስተባባሪዎች ሞቱ። ካምፑ ከተመሠረተ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እነዚያ ልጆች የተኙ ነበሩ፤ ውሃው ነው ወደ እነሱ የመጣው። ቴክሳስ የካምፕ ማደሪያ ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ እንዳይሆን ሕግ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይህ ነው።

ከድሬዳዋ

የመጨረሻውን ሐሳብ አደራ አትለፉት። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋና ሆነ እኮ፤ የምናወራው ግን ስለ ክረምት ነው።

በከተማችን መሐል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ በበጋ ያየ ሰው አሸዋ ሜዳ ነው ብሎ ሊምል ይችላል። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከተራራው ላይ ነው። ውሃው ከየት እንደመጣ እስኪጠየቅ ድረስ ግድግዳ እየገፋ ነበር።

አንዳንድ የካምፕ አዘጋጅ ድንኳን የሚተክለው የት እንደሆነ አይቻለሁ። ለጥ ያለ፣ አሸዋማ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ይመርጣል። ያንን ቦታ ማን እንዳስተካከለው አይጠይቅም። ልጄን ወደ ካምፕ ስልክ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የት ይዋኛሉ ሳይሆን የት ያድራሉ ነው።

ነርስ፣ ሐዋሳ

አዳማ ያሉት ወንድሜ ስለ አምቡላንስ ያነሱት ልክ ነው፤ አይደርስም። ግን ከዚያ የሚከተለው ሌላ ነገር ነው። የሰጠመ ልጅ አንጎሉ ያለ አየር የሚቆይበት ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ፣ የሚያድነው ዳር ላይ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ አምቡላንሱ በሩ ላይ ቢቆምም አይረዳም።

የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ አንድ ልጅ መጣልን። ከውሃ ያወጡት ሰዎች በእግሩ ዘቅዝቀው ይዘው ውሃውን ሊያራግፉ ሲታገሉ ቆይተዋል። ሆዱን ተጭነዋል። ከልባቸው ነው የደከሙት፤ እጆቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንፋሽ ግን ማንም አልሰጠውም። ዘቅዝቆ መያዝና ሆድ መጫን ጊዜ ይበላል፣ ትውከቱንም ወደ ሳንባ ይልካል። የማይተነፍስ ልጅ በጀርባው ተንጋሎ፣ አገጩ ቀና ተደርጎ፣ አፍንጫው ተይዞ መጀመሪያ ትንፋሽ ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ደረቱ ይጫናል። ይህን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ከአምስቱ መምህራን ስንቱ ተምረውታል? ይህ ይጠየቅልኝ።

ሐዋሳን በተመለከተ፦ እዚህ ቢልሃርዚያም አለ፣ ጉማሬም አለ። በእኛ ሐይቅ ውስጥ ልጆች ይግቡ የሚለኝ ካለ መልሴ አይሆንም ነው። ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም።

የስፖርት መምህርና የዋና አሰልጣኝ

ማን ያስከብረዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ ቆይቻለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው።

ሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ፣ ካሬሊያ፣ ስያሞዜሮ በሚባል ሐይቅ ላይ የካምፕ ልጆች በጀልባ ወጥተው 14ቱ ሞቱ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ተነግሮ ነበር። አስተባባሪዎች ነበሩ፣ መርሐ ግብርም ነበረ። እንዲያውም የገደላቸው መርሐ ግብሩ ነው እላለሁ፤ ዛሬ ጀልባ የሚል ተጽፏልና ወጡ። ከልጆቹ አንዱ ለእርዳታ ሲደውል ቀልድ መስሏቸው ዘጉበት። «ዛሬ አንወጣም» ብሎ ጉዞውን የሚያስቆም ሰው ግን አልነበረም።

ከኳሷ ወዲህ እኔ በምሄድበት ጉዞ ሁሉ የምጠይቀው ይህ ነው። አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። ሥራው መቁጠር ብቻ ይሁን፤ ፎቶ አያነሳም፣ ስልክ አያወራም፣ ምግብ አያድልም። ይበቃል ሲል ርዕሰ መምህሩም ቢሆን አይሽረውም። የቀረው ቀላል ነው፤ ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አስረን አጭሩ ልጅ ደረቱ ድረስ በሚቆምበት ቦታ ላይ አጥር እንሠራለን። ከአሥር ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አይገባም፤ ሌሎቹ ኳሳቸውን ይጫወታሉ። ነፋስ ሳይነሳ፣ በጠዋት። ለሚሰጥም ልጅ ደግሞ ክዳኑ የተገጠመ ጀሪካን በገመድ ይወረወራል፤ ዘሎ የገባ ሰው አብሮ ሲሰጥም አይቻለሁና።

አምስት መምህር ለስድሳ ልጅ ይህን ማድረግ ይችላል? እውነቱን ለመናገር አይችልም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይጨመር፣ አለበለዚያ ውሃው ይቅር። በዚህ ላይ ከአዳማው ወንድሜ ጋር አንድ ነን።

የሦስት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ሄጄ አዘጋጆቹን በአካል አነጋገርሁ። ከእናንተ የወሰድኋቸውን ጠየቅሁ፤ የት ያድራሉ፣ ማን ይቆጥራል፣ ትንፋሽ መስጠት የሚችለው የትኛው መምህር ነው።

ለመጀመሪያው መልስ ነበራቸው፤ ማደሪያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ነው። ሁለተኛውን ስጠይቅ «ሁላችንም እንቆጥራለን» አሉ። በዚህ ጊዜ የእህትዎ ልጅ ጫማ ዓይኔ ላይ መጣና ድምፄ ተሰበረ። ለሦስተኛው ዝም አሉ።

ወረቀቱን አልፈረምሁም። እነሱ ግን አላሰናበቱኝም። አስተባባሪዋ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ማስታወሻዋን አውጥታ ሁሉንም ጻፈች። ያቺ የኃላፊነት ዓረፍተ ነገር እንድትወጣ፣ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ልጆቹ መዋኛ ገንዳ ተወስደው እንዲፈተኑና ሁለት ወላጆች አብረው እንዲሄዱ ሐሳብ አቀርባለሁ ብላለች። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ። ዋና ስለማልችል ሥራዬ መቁጠር ይሆናል። ልጄ ገንዳው ላይ ቀይ ካገኘች ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ይህንን ከአሁኑ ነግሬያታለሁ፣ አኩርፋለች።

አባት፣ አዳማ

እኔ ልጄን አልልክም። ሐሳቤን አልቀየርሁም፤ እንድቀይርም አትጠብቁኝ። የወንድሜ ልጆች ግን በነሐሴ መጀመሪያ ከሰንበት ትምህርት ቤታቸው ጋር መሄዳቸው አይቀርም፤ አባታቸው ወስኗል። መምህር፣ ጀሪካኑና ገመዱ ስንት ሜትር፣ ስንት ፍሬ ነው የሚያስፈልገው? ከየት ነው የሚገዙት?

የስፖርት መምህርና የዋና አሰልጣኝ

ለአሥር ልጅ አርባ ሜትር የናይሎን ገመድ ይበቃል፤ ለመወርወሪያ ደግሞ ሌላ አሥራ አምስት ሜትር ለብቻው ይያዝ። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አሥራ ሁለት፣ ቢጫው ይሻላል፣ ከሩቅ ይታያል። እኔ ከመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው የምገዛው። ክዳኑ የሚጠብቅ መሆኑን እዚያው አይተው ይግዙ፤ ዘይት የነበረበትን አይውሰዱ፣ ገመዱ ይንሸራተታል።