«ሞር ቤተር ፍሮም» ያልኩት ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

የሪሴፕሽኗ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። አንድ አነስ ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ፈረንጅ ሁለት ክፍል አሳየሁት። የቱ እንደሚሻል ጠየቀኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ዚስ ሩም ኢዝ ሞር ቤተር ፍሮም ዛት ሩም» አልኩት። ገብቶታል፣ ቁልፉንም ተቀብሎኝ ገባ። ግን ፈገግ ሲል አየሁትና እስካሁን ይከነክነኛል። ሐሙስ ደግሞ ትልቅ ሆቴል ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። ትምህርት ቤት «አጭር ቃል ላይ ኢአር፣ ረጅም ቃል ላይ ሞር» ተብለን ነበር። ረጅም ማለት ስንት ነው? «ፍሮም»ስ ምን አጠፋ? «ከ» ማለት ፍሮም አይደል እንዴ?

ጡረተኛው ቲቸር
ልጄ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ራሷ መልስ ናት። አማርኛ አንዷን «ከ» ሁለት ሥራ ያሠራታል። «ከጎንደር መጣሁ» ስትዪም «ከ»፣ «ከወንድሜ እረዝማለሁ» ስትዪም «ከ»። እንግሊዝኛው ሥራውን ለሁለት አካፍሎታል። መነሻ ሲሆን «ፍሮም»፣ ማወዳደር ሲሆን «ዛን»። ደብተር ሳርም በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከዚህ በላይ የተደጋገመ ስህተት አላየሁም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ስናወዳድር ቅጽሉን አንነካውም። «ይህ ከዚያ ትልቅ ነው» እንላለን፤ «ትልቅ» እንደነበረ ነው። ካልሆነም «ይበልጣል»፣ «ይረዝማል» ብለን ለግሱ እናሸክመዋለን። ስለዚህ ልጆቹ «ኪሊማንጃሮ ኢዝ ሃይ ፍሮም ራስ ዳሸን» ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ ቅጽሉ ላይ ምልክት ይፈልጋል፦ «ኪሊማንጃሮ ኢዝ ሃየር ዛን ራስ ዳሸን»። (እሱ 5,895 ሜትር ነው፣ የእኛው ከ4,500 ጥቂት ነው የሚያልፈው፤ ቅር አይበላችሁ።)

ከሁሉም የሚበልጥ ሲሆን ደግሞ «ዘ» ከፊት፣ «ኢኤስቲ» ከኋላ፦ «ራስ ዳሸን ኢዝ ዘ ሃየስት ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ»።

ረዳቱ
«ሞር ቤተር»ን ለእኔ ተዉልኝ። «ቤተር» ራሱ «የተሻለ» ማለት ነው። «ሞር» ስትጨምሪበት ሒሳብ ሁለቴ ተቀበልሽ። «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት»፤ «ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት»። እነዚህ ሕግ የላቸውም፣ በቃልሽ ያዢያቸው። «ጉደር» እንዳትዪ ብቻ። ጉደር አምቦን አለፍ ብሎ ያለው ከተማ ነው።

ቆጣሪው
ረጅም ስንት ነው ላልሽው ፊደል ቁጠሪ። ከስድስት ፊደል በላይ ከሆነ ሞር። እኔ በዚህ ነው ፈተና ያለፍኩት።

ጡረተኛው ቲቸር
ቆጣሪው፣ ዕድለኛ ነህ። «ስትሬት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 8 ፊደል ነው፤ ግን «ስትሬተር» ይባላል። «ሞደርን» 6 ፊደል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ «ሞር ሞደርን»። የሚቆጠረው ክፍለ ቃል ነው። ቀላል ዘዴ ላሳይሽ ልጄ። እጅሽን አገጭሽ ሥር አድርጊና ቃሉን ቀስ ብለሽ ጥሪው። አገጭሽ አንዴ ከወረደ ኢአር። ሦስቴና ከዚያ በላይ ከወረደ ሞር፦ «ሞር ኤክስፔንሲቭ»፣ «ሞር ኮምፈርተብል»። የሚያስቸግሩት ሁለቴ የሚያወርዱት ናቸው። በዋይ የሚያልቁት ኢአር ይወስዳሉ፣ ዋይዋም ወደ አይ ትለወጣለች፦ «ኖይዚ፣ ኖይዚየር»። ከቀሩት ብዙዎቹ ሞር ናቸው። «ኳየት»ን የመሰሉት ግን ኢአርም ያስኬዳቸዋል።

በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ እንዳትቆጥሩ ብቻ። «ስትሬት» በእኛ አራት ፊደል ነው። አንዳንዶቻችን እንዲያውም «እስቲሬት» ብለን አምስት እናደርገዋለን። በእንግሊዝኛ ግን አፍ የሚከፈተው አንዴ ነው።

የቨርጂኒያዋ
እኔ እዚህ ሥራ ቦታ የታረምኩባቸውን ልጨምር። «በጣም ይበልጣል»ን እንዳለ ገልብጬ «ቬሪ ቢገር» እል ነበር። «መች ቢገር» ነው የሚባለው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ «ኤ ሊትል ቢገር»። «ሲኒየር ዛን ሚ» ስልም ሳቁብኝ። ሲኒየርና ጁኒየር ከላቲን የመጡ ናቸው፣ «ቱ» ነው የሚከተላቸው፦ «ሺ ኢዝ ሲኒየር ቱ ሚ»። «ፕሪፈር»ም እንዲሁ፦ «አይ ፕሪፈር ቲ ቱ ኮፊ»። (ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ እኔስ አልለውም።)

«ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል» ለማለት ደግሞ ቁጥሩን ከቅጽሉ ፊት አስቀምጪው፦ «ማይ ብራዘር ኢዝ ቱ ይርስ ኦልደር ዛን ሚ»። ክፍሎቹ እኩል ከሆኑብሽ «ዚስ ሩም ኢዝ አዝ ቢግ አዝ ዛት ዋን» በዪ። በሁለቱ «አዝ» መሀል ኢአር አይገባም።

የሪሴፕሽኗ (ጠያቂ)
ተባረኩልኝ! ጋሼ፣ አገጬን ይዤ ስለማመድ እናቴ «ጥርስሽን አመመሽ ወይ?» አለችኝ። ይኸው ለሐሙስ ያዘጋጀሁት፦ «ሩም ቱ ኢዝ ኳየተር ዛን ሩም ዋን፣ በት ኢት ኢዝ ሞር ኤክስፔንሲቭ። ሩም ስሪ ሃዝ ቤስት ቪው።»

ጡረተኛው ቲቸር
«ቤስት» ፊት «ዘ» ጠፋችብሽ፦ «ሃዝ ዘ ቤስት ቪው»። ሌላው ንጹሕ ነው።

ረዳቱ
ውዱን ብቻ አትለማመጂ እንጂ። «ቺፐር»ንም ያዢ፣ እንግዳ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የሪሴፕሽኗ (ጠያቂ)
«ዶ ዩ ሃቭ ኤ ቺፐር ዋን?» በቀን አሥሬ እሰማው የለ! መጨረሻው ላይ ኢአር እንዳለበት ግን ልብ ያልኩት አሁን ነው።