የፎስፌት ሽፋኑ አልይዝ አለን፤ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። የጭነት መኪና ባሌስትራ መያዣ እየሠራን፣ ከቀለም በፊት ብረቱን ዚንክ ፎስፌት (ቀለም እንዲይዝና እንዳይዝግ ብረቱ ላይ ስስ የክሪስታል ሽፋን የሚያወጣ ኬሚካል) ውስጥ እንነክራለን።

ችግሩ ሽፋኑ ነው። ወጥ ግራጫ መሆን ሲገባው ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ቢጫ ዝገት አለ። በጣት ሲነካ ዱቄት ይለቃል። ቀለሙማ ያው መላጡ ነው።

አሠራራችን፦ በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ቅባቱን እናጥባለን፣ ዝገቱን በአሲድ እናነሳለን፣ በውሃ እናለቀልቃለን፣ ከዚያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ የፎስፌት ገንዳ። ሲለቀለቅ ውሃው ሳይቆራረጥ ብረቱ ላይ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ቅባት ቀርቶ አይመስለኝም።

የምጠረጥረው ከአሲዱ በኋላ ያለውን ነው። የቲታኒየም ማንቂያ (ከፎስፌቱ በፊት ብረቱ የሚነከርበት፣ ክሪስታሉን የሚያደቅ ማለቅለቂያ) አንጠቀምም። ያለሱ ደግሞ ክሪስታሉ ይሻክራል። ወይስ የገንዳው ነፃ አሲድ (ገና ያልተጣመረው) በዝቶ ይሆን? ኬሚካሉን የሸጠልን ሰውዬ «ሙቀት ጨምሩ» ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። ጨመርን፤ ከታች የሚዘቅጠው ጭቃ ብቻ በዛ።

እስቲ በዚህ ሥራ ያላችሁ፦ ጠቅላላውን አሲድ (ነፃውንና የተጣመረውን አንድ ላይ) ከነፃው ስንት እጥፍ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ? በቲትሬሽን (አልካሊ በጠብታ እየጨመሩ አሲዱን በመለካት) በየስንት ጊዜው ትለካላችሁ? ማንቂያውስ ደሴ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ መውረድ ግድ ነው? በዚህ በኩል የሚያልፍ ባለሙያ ካለ ገንዳውን አይቶልን ይሂድ፤ ቡናው በእኛ ነው።