የፍቅር ታሪኩ 5፣ የተፈጠረው ዓለም 2... ለመጽሐፉ ስንት ኮከብ ልስጠው?

የሌሊት አንባቢ፦
እስቲ ገላግሉኝ። ፎርዝ ዊንግ የሚባለውን የፍቅርና የዘንዶ ልብ ወለድ ጨረስኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የርቤካ ያሮስን። ባለቤቴ «ኧረ መብራቱን አጥፊው» እያለ ሁለት ሌሊት አነጋሁበት። ዘንዶዎቹን ወደድኳቸው፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ቫዮሌትና ዛይደን በቃላት ሲነካከሱ ደግሞ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። ጉድሪድስ (አንባቢዎች ለመጽሐፍ ኮከብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ) ላይ ኮከብ ልሰጥ ስል ግን እጄ ቆመ። ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ሲሻገር ተንሸራቶ የሚሞትበት የጦር ትምህርት ቤት ነው እኮ፣ ጦርነት ላይ ያለ አገር ወታደሩን እንዲህ ይጨርሳል? ያንን ሳስብ 2 ልሰጠው እልና ያሳለፍኩት ሌሊት ትዝ ሲለኝ 5 ያሰኘኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቆጣቢው፦
5 በቀላሉ አይሰጥም። ደግሞ ጉድሪድስ ላይ የኮከቦቹን ትርጉም አይተሽዋል? 2 ማለት «ደህና ነው»፣ 3 ማለት «ወድጄዋለሁ» ነው። ሰው 3 ሲያይ መጽሐፉ የተሰደበ ይመስለዋል። የሚጠይቀው ምን ያህል እንደወደድሽው እንጂ መጽሐፉ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አይደለም። ግማሽ ኮከብ ስለሌለው ነው እንጂ የኔ 3 ተኩል ነበር። (ስቶሪግራፍ የሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ድረ ገጽ ላይ ሩብ ሩብ እያደረግሽ መስጠት ትችያለሽ፣ እኔ ለዚህ ስል ነው የቀየርኩት።)

ጊዜ ተጓዥ፦
እኔ አንድ መፈተኛ አለኝ። ዘንዶውን ወይ መንኮራኩሩን አውጪና ፍቅሩ ባለበት ከቀጠለ፣ ማለትም ሁለቱ ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ቢሠሩም ያው ታሪክ ከሆነ፣ ዓለሙ መጋረጃ ነው፤ ከ3 አያልፍም። ዲስ ኢዝ ሃው ዩ ሉዝ ዘ ታይም ዋር የሚለውን መጽሐፍ አንብቡት፣ የአማል ኤል-ሞህታርና የማክስ ግላድስቶን፣ 2019። ሬድና ብሉ በጊዜ ውስጥ የሚዋጉ የሁለት ጎራ ሰላዮች ናቸው፤ ደብዳቤ ሲጻጻፉ አንዷ መልእክቷን በዛፍ ግንድ ቀለበት ውስጥ እንዲያድግ ታደርገዋለች። ደብዳቤ ለመላክ ዓመታት ዛፍ ማሳደግ! የጊዜ ጉዞውን ብታወጪው ፍቅር የሚባል ነገር አይቀርም። አጭር ነው፣ ትልልቆቹን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማቶች ሁጎንም ኔቡላንም ወስዷል። ለኔ 5።

ዘንዶ ወዳጅ፦
@ጊዜ ተጓዥ መፈተኛህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ፎርዝ ዊንግ ላይ ሞክረኸዋል? የቫዮሌት እናት ጄኔራል ናት፣ የዛይደን አባት ደግሞ የተገደለ የአመፅ መሪ። ጦርነቱን አውጣና እስቲ ለምን እንደሚጣሉ ንገረኝ። ድልድዩ ቂል ነው፣ እሺ፤ ግን ዓለሙ ፍቅሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ጠንካራ ነው፣ ሌላ ቦታ ነው የሚሳሳው። ደግሞ አንድ የሚያበሽቀኝ ነገር፦ ስለ ጦርነት ብቻ የሆነ ፋንታሲ ላይ ፍቅሩ እንጨት እንጨት ቢልም ሰው ሳይከራከር 5 ይሰጣል። ፍቅሩ ጥሩ ሆኖ የጦር ስልቱ ሲላላ ግን ሁሉም ጄኔራል ይሆናል 😂

ቆጣቢው፦
ጄኔራል የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ይሁን። ግን ተከታታይ መሆኑን አትርሱ፣ መጨረሻው አንጠልጥሎሽ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው እዚያው 2023 ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ግን እስከ 2025 አስጠበቀን። እኔ የመጀመሪያውን ኮከብ የምሰጠው ሁለተኛውን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ደራሲዋ ሆን ብላ የተወችው ይሆናል።

የሌሊት አንባቢ፦
@ዘንዶ ወዳጅ የእናትየውን ነገር እንዲህ አላየሁትም ነበር። 4 ሰጥቼ ሪቪው ላይ «ድልድዩን አጥር ሥሩለት» ብዬ ጻፍኩ። አሁን የደብዳቤዎቹን ልጀምር ነው፣ አጭር ነው ስላላችሁ ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ።

ዘንዶ ወዳጅ፦
አትተኚም።