«ሟቹን ክዷል» ማለት ምን ማለት ነው?

የቆሼ ልጅ፦ ትናንት ለቅሶ ቤት ፕሮፕራኖሎል ስለሚባለው፣ የክፉ ትዝታን ድንጋጤ ያቀልላል ስለተባለው ኪኒን ወሬ ሲነሣ አንድ አባት «ሐዘኑን በኪኒን ያደነዘዘ ሟቹን ክዷል» አሉ። እናቴ ፊት ነው ያሉት! መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ፤ እሷም እህቷን ቀበረች። እስከ ዛሬ ጫማዋን አውልቃ አትተኛም። ማታ ከባድ መኪና ካጓራ ተነሥታ በሩን ይዛ ትቆማለች። እሷ ናት ከሃዲ?

ሐዘንተኛው አባት፦ ያልኩት እኔ ነኝ። እናትህን አልነካሁም። እኔም ልጄን እዚያው አጥቻለሁ፤ ሲያመኝ ነው የሚመጣልኝ። ሕመሙን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። «ያደነዘዘ» የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም። ይህ መድኃኒት ለደም ግፊት፣ እንቅርት ኖሮበት ልቡ ለሚመታም የምንሰጠው ነው። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት 60 ሰዎች ተካፍለዋል። መድኃኒቱን ወይም መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ኪኒን ውጠው ከ90 ደቂቃ በኋላ የደረሰባቸውን ራሳቸው ጽፈው ያነባሉ፤ በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት። መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ ቀለላቸው። የሆነውን ግን አልረሱም።

ጎረቤት፦ «አልረሱም» አልሽ። ሲያነቡት ልባቸው ካልደነገጠ ምኑን አስታወሱት? እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሥነ ምግባር አማካሪዎችም ይህንኑ ነው ያነሡት፤ ግፍ ያየ ሰው ስሜቱ ከደበዘዘ ማን ይመሰክራል? እኛ ገና ያልተመለሰልን ጥያቄ አለን።

የቆሼ ልጅ፦ እንድትመሰክርልህ እናቴ እስክትሞት ትንቀጥቀጥ?

ጎረቤት፦ እንደሱ አላልኩም።

የቆሼ ልጅ፦ ብለሃል። ከፍ ብለህ አንብበው።

እትዬ፦ ልጆቼ፣ ለምን እንጦጦ ጸበል አትወስዷትም?

የቆሼ ልጅ፦ እትዬ፣ ሁለት ሱባኤ ገብታለች። ጸበሉን ማንም ክህደት አላላትም፤ ኪኒኑ ላይ ለምን?

ነርሷ፦ አስም አለባት እንዴ? ካለባት ይህን መድኃኒት እንዳትነካ።

የቆሼ ልጅ፦ አለባት። አቧራውና ጭሱ መች ተዋት።

ነርሷ፦ እንግዲያው ለእሷ አይሆንም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሌላ ሕክምና አለ፤ መናገሩም ራሱ ሕክምና ነው።

ሐዘንተኛው አባት፦ ስለ እናትህ ይቅርታ። ስለ ልጄ ግን ቃሌን አላነሣም።

የቆሼ ልጅ፦ ይቅርታውን ለእሷ ይንገሯት፣ ጋሼ። የሰማችው እሷ ናት።