የአንድ ሰው ጀልባ ለሐይቅ፦ የጋራ ዕቅዱ ከመጻፉ በፊት

ከጸሐፊዋ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የሐይቅ አስጋሪዎች ማኅበራችን ለወረዳው የሚያስገባው ዕቅድ የጀልባው ክፍል ገና ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቀዝፎ መረብ ጥሎ፣ አንሥቶ የሚመለስበት ጀልባ እንደሚያስፈልገን ተስማምተናል፤ ቅርጹ ላይ ግን ገና ነን። ጋሼ መምህር፣ ውቅያኖስ ላይ ብቻቸውን የሚወዳደሩ ሰዎች የሚይዟቸውን አዳዲስ ጀልባዎች አወዳድረው ለእኛ የሚበጀውን እንዲለዩ ተጠይቀው ነበርና እርስዎ ይጀምሩ። ሌሎቻችሁ ልኬት ስትጽፉ በሜትርና በኪሎ ይሁን፤ «ሰፋ ያለ»፣ «ጠንከር ያለ» የሚል ቃል ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

ከመምህሩ፦
እሺ እህቴ። ሦስት ዓይነት የሸራ መወዳደሪያ ጀልባዎችን አወዳድሬያለሁ። ሚኒ 6.50 ትንሿ ናት፤ ርዝመቷ 6.5፣ ስፋቷ እስከ 3፣ ውሃ ውስጥ የምትገባው እስከ 2 ሜትር። ፊጋሮ ቤኔቶ 3 የምትሠራው ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ ሲሆን፣ በሁለት ጎኗ ፎይል የሚባል ክንፍ አላት። ኢሞካ ትልቋ ስትሆን ርዝመቷ 18.28፣ ጥልቀቷ 4.5 ሜትር ነው፤ በቫንዴ ግሎብ ውድድር ዓለምን ብቻቸውን፣ ሳያርፉ የሚዞሩት በእሷ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፎይሉ ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልዝጋው። ክንፉ ጀልባዋን የሚያነሣበት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከምትሄድ ጀልባ ጋር ሲነጻጸር፣ በ5 ኪሎ ሜትር የምትቀዘፍ የእኛ ጀልባ ከዚያው ክንፍ የምታገኘው 64ኛውን እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ መረብ ይይዝብናል። ኢሞካ ከሆዷ ሥር የምታንጠለጥለው፣ ግራና ቀኝ የሚዘነበለው፣ ኪል የሚባለው ከባድ ማመጣጠኛም ደንገል ባለበት ዳርቻ አይሆንም።

ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። ሚኒ ውሃ ቢሞላትም እንዳትሰጥም ሆና መሠራት አለባት፤ ደንቡ ያስገድዳል። ኢሞካ ደግሞ ወደብ ላይ በክሬን ሙሉ ለሙሉ ተገልብጣ፣ ራሷን መልሳ ስትቀና ካልታየች ለውድድር አትፈቀድም። ብቻውን ላለ ሰው የሚደርስለት የለም፤ ስለዚህ ጀልባዋ ራሷ ማዳኛው እንድትሆን ተደርጋ ትነደፋለች። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ የሰጠመ ጀልባ አይወጣም፣ የሚይዘው ያጣ ሰውም እንደዚያው። የእኛም ዕቅድ ከዚህ ይነሣ እላለሁ። ፍጥነት ሁለተኛ ነው።

ከአስጋሪዎች ተወካይ፦
ጋሼ፣ እስማማለሁ። ግን ስለ አፍንጫው ይንገሩን። መረብ የምናነሣው ከፊት ተደፍተን ነው። ሹል አፍንጫ ያለው ጀልባ አንድ ሰው ፊቱ ላይ ሲንበረከክ ይደፋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሲሆን ውሃ የሚያስገባውም በዚያ በኩል ነው። ጠፍጣፋ አፍንጫ ደግሞ ደንገሉን አይሰነጥቅም፤ ይገፋዋል።

ከመምህሩ፦
ሚኒዎችም የተለወጡት በዚሁ ጉዳይ ነው። ዳቪድ ሬዞን እ.ኤ.አ. በ2010 አፍንጫዋ እንደ ማንኪያ የከበበ ጀልባ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ሚኒ ትራንሳት የሚባለውን ውድድር አሸነፈባት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ ሚኒዎች በዚያ መንገድ ይሠራሉ። ሰፊው ፊት ማዕበል ውስጥ አይቀበርም፤ ጀልባዋ ስትዘነበልም ደግፎ ይይዛታል። ጉድለቱ አጭር ማዕበልን ፊት ለፊት ሲገጥም በጥፊ እንደመምታት ያደርገዋል። መፍትሔው ሰፊውን ፊት ከውሃው ከፍ ማድረግ ነው። የፊቱ ሳንቃ ስፋት 40 ሣንቲ ሜትር፣ የታችኛው ጠርዙ በሙሉ ጭነት ከውሃ በላይ 20 ሣንቲ ሜትር ይሁን። ወለሉ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኋላ በዝግታ ይውረድ፤ ያን ጊዜ ደንገሉን ከላይ ተጭኖ ያልፈዋል።

የኋላውን ስፋት ግን ከእነሱ አንቅዳ። እነሱ ኋላውን የሚያሰፉት ጀልባዋ በፍጥነት ውሃ ላይ እንድትንሸራተት ነው። በቅዝፊያ ፍጥነት ውሃ ውስጥ የገባ ሰፊ ኋላ ውሃውን እየጎተተ ክንድ ያዝላል። የኋላው ሳንቃ ታችኛ ጠርዝ በሙሉ ጭነት የውሃውን ፊት ብቻ ይንካ።

ጠቅላላ ልኬቱ፦ ርዝመት 4.20፣ ከላይ ስፋት 1.30፣ ወለሉ ላይ 1 ሜትር፣ የጎን ቁመት 45 ሣንቲ ሜትር። ጀልባዋ 80፣ ሰው 70፣ እርጥብ መረብ ከነክብደቱ 25፣ ዓሣ 50 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 225 ነው። ይህ ወለል በየ25 ኪሎው 1 ሣንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ እንግዲህ ወደ 9 ሣንቲ ሜትር ትገባለች፣ 36 ከውሃ በላይ ይቀራል።

ከአናጢው፦
80 ኪሎ በሳንቃ አይመጣም። ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀላልና ለሥራ ምቹ ነው፤ ግን ሕጋዊ ወረቀት ያለው ዋንዛ ለ10 ጀልባ ከየት ይመጣል? ኮምፔንሳቶ እንያዝ። ጣውላው 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ለአንድ ጀልባ ለወለሉ 9 ሚሊ ሜትር 2 ጣውላ፣ ለጎን፣ ለመቀመጫና ለመከፈያ 6 ሚሊ ሜትር 3 ጣውላ ይበቃል። ሁለቱ ጣውላ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠሉ ተላግተው ይደራረቡ፤ የመላጊያው ርዝመት የውፍረቱን 8 እጥፍ ይሁን፣ ማለትም ለ9 ሚሊው 7.2 ሣንቲ ሜትር።

ሁሉም ኮምፔንሳቶ ውሃ አይችልም። ከመግዛታችን በፊት ከየዓይነቱ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተቀቅሎ ይድረቅ፣ ደግሞም ይቀቀል። ንብርብሩ ከተላቀቀ ነጋዴው የፈለገውን ቢል አንቀበልም። ነጩ የቤት ዕቃ ኮላም ውሃ ውስጥ ይለቅቃል፤ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ብቻ። ኤፖክሲ በብርድ አይጠነክርም፣ ስለዚህ ማጣበቅ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተጀምሮ የቀኑን ሙቀት ያግኝ፤ ማታ ተጣብቆ ያደረ ስፌት ሳይጠነክር እንደ ሙጫ ይለጠጣል። የተቆረጠው የጣውላ ጠርዝ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣልና ሦስት ጊዜ ይቀባ። ብሎንና ቪቴው የማይዝግ ይሁን።

ስለ ጥፊው ጋሼ ያነሡት ትክክል ነው። ከፊት ያለው የወለል አንድ ሦስተኛ ላይ በቁመት የሚሄዱ ሦስት 3 በ4 ሣንቲ ሜትር ሊስቴሎዎች ይጨመሩ።

ከመምህሩ፦
ይጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቫንዴ ግሎብ የአንዱ ኢሞካ ፊት ማዕበል ውስጥ ሲወድቅ ጀልባው ለሁለት ታጥፎ ሰውየው በሌላ ተወዳዳሪ ነው የተረፈው። ያ የካርቦን ጀልባ ነበር።

ከአስጋሪዎች ተወካይ፦
አለመስጠሙን በምን እናመጣዋለን? 4 ጀሪካን ከመቀመጫ ሥር ቢገባ ይበቃል የሚሉ አሉ።

ከመምህሩ፦
አይበቃም ወንድሜ፤ ቁጥሩን ልንገርህ። ጀልባዋ ውሃ ሞልታ ሰውየው ተመልሶ ሲቀመጥባት ከእንጨቱ በተጨማሪ ወደ 100 ሊትር የታሸገ አየር ትፈልጋለች። 4 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ነው። በእሱ የጎኑ ከንፈር ወደ ውሃው ይጠጋል፤ ትቀዳለህ፣ ማዕበሉ መልሶ ይሞላል። 8 ጀሪካን፣ ማለትም 160 ሊትር ሲሆን ከንፈሩ ከ20 ሣንቲ ሜትር በላይ ይቀራል። ውስጥ የሚቀረው ውሃ 500 ሊትር ያህል ነው፤ በ10 ሊትር ባልዲ 50 ጊዜ። ይህ አንድ ሰው የሚችለው ሥራ ነው።

ቦታቸውም ከቁጥራቸው አያንስም። ወለሉ መሐል ከታሠሩ ውሃ የሞላችው ጀልባ ሆዷን ወደ ላይ ታዞራለች። ሦስት ሦስት በሁለቱ ጎን፣ ከወለሉ 5 ሣንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ክዳኑ ከነጎማው በኤፖክሲ ይታሸግ፤ ቀን በሙቀት የሚነፋው አየር ማታ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ክዳኑ ከላላ እርጥበት ይስባል፣ በሁለት ወር ጀሪካኑ ግማሽ ውሃ ይሆናል። በገመድ ሳይሆን በጠፍር ይታሰሩ፣ በየወሩም እየተፈቱ ይወዝወዙ፤ ድምፅ ካለ ይቀየራል።

ከአናጢው፦
ከጀሪካኑ ሥር ውሃ እንዳይቆም በየአግዳሚው 2 ሣንቲ ሜትር ቀዳዳ አወጣለሁ፤ ኮምፔንሳቶ የሚበሰብሰው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ከሒሳብ ሹም፦
ከኮምቦልቻና ከደሴ ሦስት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። ኤፖክሲው ውድ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ጀልባ ብቻ ይሠራ፤ የቀሩት 9ኙ ከፈተናው በኋላ።

ከአስጋሪዎች ተወካይ፦
ትክክል። ሁለት ነገር ይጨመርልኝ። ከውሃ የወጣ ሰው በጎን ልግባ ካለ ጀልባውን በራሱ ላይ ይገለብጣል፤ መግቢያው በኋላ ይሁን። ከኋላው ሳንቃ ከውሃ በታች 50 ሣንቲ ሜትር የሚወርድ የገመድ እርከን፣ ከውስጥ ደግሞ ክንድ በሚደርስበት የእጅ መያዣ። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ያለ እርከኑ አይወጣም። ሁለተኛ፣ መቅዘፊያና ባልዲ በ1.5 ሜትር ገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰሩ። መቅዘፊያው ከሄደ የዳነች ጀልባም ነፋስ ወደወሰዳት ትሄዳለች። ቢላዋም ከመቀመጫው ሥር በሰገባ ይሁን፤ መረብ እግር ሲይዝ የሚፈታበት ጊዜ አይገኝም።

ከጸሐፊዋ፦
የፈተናውን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ቃል የምትቀይሩ ቀይሩ።

«የመጀመሪያው ጀልባ ከእስጢፋኖስ ገዳም ባሕረ ገብ መሬት ራቅ ባለ፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት ባለው ዳርቻ ይፈተናል። መረብ ከነክብደቱና 50 ኪሎ አሸዋ ተጭኖ በገመድ ይገለበጣል። የሕይወት አድን ጃኬት የለበሰ አንድ አስጋሪ፣ እግሩ መሬት ሳይነካና ማንም ሳያግዘው፣ ጀልባውን ያቀናል፣ በኋላ በኩል ይገባል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ 200 ሜትር ይቀዝፋል። ሁለት ዋናተኞች አጠገቡ ይቆማሉ። በሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ አንዳቸው ከማኅበሩ በቁመትና በጉልበት አነስተኛው ሆነው፣ ካልተሳካ ንድፉ ወደ አናጢው ይመለሳል፤ ለቀሪዎቹ 9 ጀልባዎች ገንዘብ አይወጣም።»

ከአናጢው፦
አሸዋው በከረጢት ይታሰር እንጂ ልቅ አይሁን፤ ሲገለበጥ የጀሪካኑን ጠፍር ይበጥሳል። ሌላው እንዳለ ይግባ።