«በድሮው ኮል የሚያደርግ ፈሪ ነው» ላልከው ሰውዬ

ሩብ ተካፋይ፦ ትናንት ሊሚት ኦማሃ ሃይ ሎው (አራት አራት ካርታ ተይዞ የሚጫወቱት፣ የውርርዱ መጠን የተወሰነ ፖከር፤ ፖቱ፣ ማለትም የተያዘው ቺፕ፣ ግማሹ ለትልቁ እጅ «ሃይ»፣ ግማሹ ከ8 ባልበለጡ አምስት የተለያዩ ካርታዎች ለሚሠራው ትንሹ እጅ «ሎው» ነው) ስንጫወት በነት ሎው ድሮው (ገና ያልሞላ፣ ቢሞላ ግን ከሁሉ የሚሻል ሎው) ኮል ብቻ በማድረጌ፣ ማለትም የተያዘውን ያህል ብቻ በመክፈሌ፣ «እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ሬይዝ የማያደርግ (ውርርዱን የማይጨምር) ፈሪ ነው» ተባልኩ። ያለው ሰው እዚሁ ስላለ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። እጄ ኤስ፣ 2፣ ኩዊን፣ ጃክ። ፍሎፑ (መጀመሪያ ቦርዱ ላይ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ኪንግ፣ 8፣ 7። ከፊቴ አንዱ አስይዟል፣ ከኋላዬ ገና ሁለት ሰው አለ። በሃዩ በኩል ባዶ ነኝ። ሬይዝ አድርጌ ምን ልሁን?

ሙሉ ፖት፦ እኔ ነኝ፣ ምን ያስደብቅሃል። ደግሜ እላለሁ፣ ፈሪ ነህ። 3፣ 4፣ 5፣ 6 ማንኛቸውም ቢወርዱ ሎው አለህ፣ 16 ካርታ ማለት ነው። ካላየሃቸው 45 ካርታዎች እስከ ሪቨር (የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ሁለት ይወርዳሉ። 59 በመቶ ይገባልሃል! ከግማሽ በላይ የሚገባ እጅ ይዞ የሚያቅማማ ሰው ሌላ ስም የለውም።

ሩብ ተካፋይ፦ 59 በመቶ የምን? የግማሽ ፖት እኮ ነው ጌታዬ።

አራት ካርታ፦ በሂሳብ እንየው፣ በስድብ አይፈታም። ሦስት ሰው አንድ አንድ ቺፕ ቢጨምር 3 ነው፣ የሎው ድርሻ 1.5። የሱ 59 በመቶ 0.885 ይመጣል። 1 አስገብተህ 0.885 ትጠብቃለህ። አራት ሰው ከቆየ ግን የሎው ድርሻ 2 ነው፣ 1.18 ይሆናል፣ ያኔ ያዋጣል። ችግሩ ሬይዝ ስታደርግ የምታባርረው እነዚያኑ የሚከፍሉልህን ሰዎች መሆኑ ነው። ኮሉን ትክክል የሚያደርገው ደግሞ ቀድሞ ፖት ውስጥ የገባው ቺፕ ነው።

ሙሉ ፖት፦ ሂሳብህ ፍሎፕ ላይ ቆመ። ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ውርርዱ እጥፍ ነው። አሁን በርካሹ ሬይዝ ካደረግኩ ተርን ላይ ሁሉም ቼክ ብለው (ሳያስይዙ አልፈው) ወደ እኔ ያያሉ፣ ካልፈለግኩ ሪቨርን በነፃ አየዋለሁ። ከኋላ ያሉት ከወጡ ደግሞ ኩዊን ወርዶ በሃዩም ልወስድ እችላለሁ።

ሩብ ተካፋይ፦ ሰውዬው ኪንግ ጥንድ ይዞ ያስያዘብህ ቦርድ ላይ በኩዊን ጥንድ ሃዩን ልትወስድ? ላም አለኝ በሰማይ!

ሙሉ ፖት፦ ከመቶ 59 ጊዜ የምትታለብ ላም ናት።

ሩብ ተካፋይ፦ ታልባ ግማሹን ለጎረቤት የምትሰጥ ላም። ሁለታችሁ ብቻ ቀርታችሁ ሎውን ስትወስድ የደረሰህ ያው ራስህ ያስገባኸው ነው። ላሟ ካልታለበች ደግሞ ሁሉም ሄደ።

ዝም ያልኩት፦ እኔ የሚገርመኝ ኤስና 2 አንተ ጋ ብቻ ያሉ ይመስል መነጋገራችሁ። ሌላው ኤስ 2 ከያዘ ሎውም ለሁለት ይከፈላል፣ ሩብ ነው የሚደርስህ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ከእያንዳንዱ ቺፕ ግማሹን ታጣለህ፣ ሦስት ከሆናችሁ ሩቡን። ነት ይዘህ እየከሰርክ! ቦርዱ ላይ 2 ወይም ኤስ ቢወርድስ? ያንተው ካርታ ተደግሞ ሎውህ ይበላሻል፣ እንዲህ ያለ ስድስት ካርታ አለ። እጅህ ላይ 3 ቢኖር ያድንህ ነበር፣ ኩዊንና ጃክ ግን አያድኑህም።

ሙሉ ፖት፦ የጽሑፉ ባለቤት ስም ራሱ «ሩብ ተካፋይ» ነው፣ ምን ላስረዳው 😂

ሩብ ተካፋይ፦ ስሜን በልምድ ነው ያገኘሁት። አንተ ስምህን በምኞት።

አራት ካርታ፦ ይሄ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ለሙሉ ፖት አንድ ነገር ልስጠው፣ ያንኑ ሎው ድሮው ከነት ፍላሽ ድሮው (ቢሞላ ከሁሉ የሚበልጥ፣ አምስቱም ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ያለው እጅ) ጋር ብይዝ ያለ ምንም ክርክር ሬይዝ አደርጋለሁ። ሁለቱንም ግማሽ የሚጠርግ እጅ ነውና።

ሙሉ ፖት፦ አያችሁ! አመነ!

አራት ካርታ፦ ምኑን አመንኩ? ሌላ እጅ ነው ያልኩት።

ሙሉ ፖት፦ «ያለ ምንም ክርክር ሬይዝ አደርጋለሁ» ነው የጻፍከው፣ ይኸው ከላይ።

ዝም ያልኩት፦ ኧረ ሙሉውን አንብበው በሕግ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ኤስ፣ 2 እና ጃክን ከእጄ ወስጄ ሁለት ብቻ ከቦርድ መጠቀም አልችልም?

ሩብ ተካፋይ፦ አትችልም ወንድሜ። ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከቦርድ፣ ሁሌም። ጃክ ደግሞ ለሎው አይሆንም፣ ከ8 በላይ አይቆጠርም።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ፖቱ እኩል ካልተከፈለስ? ትርፏ አንድ ቺፕ ለማን ናት?

ሙሉ ፖት፦ ለሃዩ።

ሩብ ተካፋይ፦ ለሃዩ። ትናንት ግን አንተ በሎው አሸንፈህ አንስተሃታል።

ሙሉ ፖት፦ ለአንዲት ቺፕ!

ሩብ ተካፋይ፦ ፈሪ ያልሆነ ሰው ይመልሳታል።