የተሰነጠቀ ዋልካን ሞዴል ማድረግ አቃተኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ያለ ማሳ ላይ የአፈሩን ውሃ በሃይድረስ ሶፍትዌር እያሰላሁ ነው። ውሃ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሰላውን የሪቻርድስ እኩልታ (እ.ኤ.አ. 1931)፣ አፈር ውሃ እንዴት እንደሚይዝ ከሚገልጸው የቫን ጌኑክተን ቀመር (እ.ኤ.አ. 1980) ጋር ይዣለሁ።

ችግሩ አፈሩ ዋልካ መሆኑ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ የቀበርኩት መለኪያ ወዲያው እርጥበት ያሳያል፣ የ20ው ግን ገና ደረቅ ነው! ሞዴሉ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ያርሰዋል። ሞዴሉ ላይ የአፈሩን የማስረግ አቅም ከፍ ሳደርገው የሐምሌው ውጤት ይበላሻል፤ ስንጥቁ ገጥሞ ውሃው ማሳው ላይ ተኝቶ እያየሁት ሞዴሉ ያሰርገዋል። የቫን ጌኑክተን ቀመር ውስጥ ያሉትን የአፈሩን ቁጥሮች፣ አልፋንና ኤንን፣ ስቀያይር ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

ስንጥቁን እንደ ሁለተኛ የውሃ መንገድ ለብቻው ልያዘው? ከያዝኩት፣ ከስንጥቁ ወደ አፈሩ የሚሰርገውን መጠን ከምን ተነስቼ ልገምት? ዋልካ ላይ የሠራችሁ እባካችሁ እርዱኝ።